ባለ ክዳኑ ኤሪክሰን እንዲህ ተጣጥሎ አይታለፍም፦ ለአንድ የስማርት ስልክ ታሪክ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ የስማርት ስልክ ታሪክ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ጥሩ አድርገው ነው የሚጽፉት። እስከ መጨረሻው ሳልሰለች አነበብኩት። መሀሉ ላይ ግን የስዊድኑ ኩባንያ ኤሪክሰን የሠራውን፣ አር380 የሚባለውን ባለ ክዳን ስልክ ያነሱና በሁለት አንቀጽ አጣጥለው ያልፉታል። ይሄ ስልክ እንዲህ የሚታለፍ አይደለም። ዝም ካልን ደግሞ ያነበበው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ የተነሱትን ነጥቦች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ክሱ ባጭሩ ይሄን ይመስላል። አንደኛ፣ አር380 አዲስ አፕ ስለማይጫንበት ስማርት ስልክ ሊባል አይገባውም። ሁለተኛ፣ ኖኪያ ኮሙኒኬተር ስለቀደመው ያመጣው አዲስ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ቁልፍ ያለበት ክዳኑ ገዢ ለመሳብ የተደረገ ጌጥ ነው። አራተኛ፣ ስክሪን እየነኩ ስልክ መጠቀም የመጣው ከአይፎን ጋር ነው። አምስተኛ፣ ገበያው ላይ ወድቆ ያለ ዘር ቀርቷል። ስድስተኛ፣ እኛ አገር ማንም ስላልያዘው ለእኛ ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ ታሪኩ ሁሉ በ2007 ከአይፎን ጋር "ተወለደ" ይሉናል።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስልኩን ለማታውቁት ላስተዋውቅ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አር380 ገበያ ላይ የዋለው በ2000 መገባደጃ ነው። ተዘግቶ ላየው የዘመኑን ተራ ሞባይል ይመስላል። ከታች የቁጥር ቁልፎች አሉ፣ ከላይ ትንሽ መስኮት አለች። ሰው ሲደውል የደዋዩን ማንነት በዚያች መስኮት ታያላችሁ። ቁልፎቹ የተቀመጡት ግን ክዳን ላይ ነው። ክዳኑን ወደ ታች ስትከፍቱት ከሥሩ ረጅምና ጠባብ ስክሪን ይወጣል። 83 በ28 ሚሊሜትር ነው፤ 360 በ120 ፒክስል። ቀለም የለውም። ስልኩን አጋድማችሁ ትይዙታላችሁ። ቀን መቁጠሪያው፣ የስልክ ማውጫው፣ ማስታወሻው፣ ኢሜይሉ፣ ዋፕ ይባል የነበረው የያኔው የሞባይል ኢንተርኔት ሁሉ እዚያ ነው። በትንሿ የስክሪን እስክሪብቶ ትነካካላችሁ። ከፈለጋችሁ ፊደል በእጃችሁ ትጽፋላችሁ፤ ስልኩ ለይቶ ያነበዋል። ይሄ ሁሉ 164 ግራም ነው የሚመዝነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ስልኮች ከዚህ ይከብዳሉ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ። "አፕ የማይጫንበት ስልክ ስማርት አይባልም።"

ሶፍትዌሩ ዝግ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። አልክደውም። ገዢው የሚያገኘው ፋብሪካው የጫነለትን ብቻ ነው። 2 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 1.2 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሌላ ፕሮግራም ላስገባ ያለ ሰው መንገድ አልነበረውም። በእኔ እምነት የስልኩ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው።

ግን መስፈርቱ ይሄ ከሆነ፣ ጸሐፊው አክሊሉን የደፉለት ስልክም አያልፍም። ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ያስተዋወቀው ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ነው። ሽያጭ የጀመረው በዚያው ዓመት ጁን 29 ነው። በዚያን ጊዜ ከአፕል ውጭ ያለ ሰው የሠራው አፕ አይጫንበትም ነበር። ፕሮግራም ሠሪዎች ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ "በሳፋሪ የሚከፈት ነገር ሥሩ" የሚል ነው፤ ሳፋሪ የስልኩ ኢንተርኔት ማሰሻ ነው። አፕ ስቶር የተከፈተው ጁላይ 10 ቀን 2008 ነው። ከዓመት በላይ ማለት ነው። ታዲያ ጸሐፊው የልደቱን ቀን 2007 ላይ ሲያደርጉት፣ ያንን ዝግ ዓመት እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም። ለኤሪክሰን ሲሆን ግን ከዝርዝሩ የሚያስወጣ ጥፋት ሆነ። በአንድ ሚዛን ሁለቱንም መመዘን አለብን። አለዚያ ታሪክ እየጻፍን ሳይሆን ለምንወደው ስልክ እየተሟገትን ነው።

ለመሆኑ መስፈርቱ ምን መሆን አለበት? እኔ የማየው ከውስጥ ያለውን ነው። የዚያን ጊዜ ተራ ሞባይሎች የሚሠሩት ለመደወልና መልእክት ለመላክ ብቻ በተሰፋ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። አር380 ውስጥ የነበረው ግን የኮምፒውተር ሲስተም ነው። ስሙ ኢፖክ ይባላል። የሠራው ሳይዮን የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ሳይዮን በ1997 ሲሪስ 5 የሚባል የኪስ ኮምፒውተር አውጥቶ ነበር፤ በሁለት ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ቃላት መጻፊያ ነበረው፣ ሠንጠረዥ መሥሪያ ነበረው፣ ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከፍቶ ይይዛል። ኢፖክ የተጻፈው ለዚህ ዓይነት ዕቃ ነው። ትንሽ ሚሞሪ፣ ትንሽ ባትሪ፣ ሳይጠፋ ለወራት የሚቆይ መሣሪያ።

በጁን 1998 ሳይዮን፣ ኤሪክሰንና ኖኪያ ሲምቢያን የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። ሞቶሮላም ብዙ ሳይቆይ ተቀላቀላቸው። ሥራው ኢፖክን ለስልክ የሚሆን ሲስተም ማድረግ ነው። የዚህ ሥራ ፍሬ ሆኖ ገበያ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ስልክ አር380 ነው። ይሄ ሲስተም በቀጣዩ ዓመት በኖኪያ 9210 ላይ ለውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች ተከፈተ። ስለዚህ ኤሪክሰን በሩን ዘጋው እንጂ ቤቱ ተሠርቶ ነበር። ጸሐፊው ይሄን ክፍል በአንድ ቃል እንኳን አላነሱትም። ሲምቢያን የሚለው ስም ጽሑፋቸው ውስጥ የለም። የስማርት ስልክ ታሪክ ጽፎ ሲምቢያንን አለማንሳት በጣም ከባድ ግድፈት ነው።

ሁለተኛው ክስ የኖኪያ ኮሙኒኬተር ነው። ቀዳሚነቱን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ኮሙኒኬተር፣ ኖኪያ 9000፣ የወጣው በ1996 ነው። እንደ ትንሽ ላፕቶፕ ይከፈታል፤ ሙሉ ኪቦርድ አለው፤ ውስጡ የኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ነው። እንዲያውም ከእሱም በፊት አይቢኤም ሲሞን አለ። በ1994 አሜሪካ ውስጥ ቤልሳውዝ በሚባል የስልክ አገልግሎት ኩባንያ በኩል ተሸጠ፤ ወደ 50,000 ገደማ ከተሸጠ በኋላ በ1995 መጀመሪያ ቆመ። ስለዚህ አር380 "የመጀመሪያው" ነው ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም።

ጥያቄው ግን ማን ቀደመ ብቻ አይደለም። ኖኪያ 9000 397 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 173፣ ስፋቱ 64፣ ውፍረቱ 38 ሚሊሜትር ነው። አር380 ደግሞ 130 በ50 በ26 ነው። አስሉት፤ የኖኪያው ግዝፈት የኤሪክሰኑን ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ኖኪያውን የሸሚዝ ኪስ አይችለውም። ቦርሳ የሚይዝ፣ ቢሮው የገዛለት ነጋዴ ዕቃ ነበር። ኤሪክሰኑን ግን ማንም ሰው ሞባይል ይዟል ብሎ ያልፈዋል። ኖኪያ ኮምፒውተር ውስጥ ስልክ ከተተ። ኤሪክሰን ስልክ ውስጥ ኮምፒውተር ከተተ። ዓለም በኋላ የሄደው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛው ክስ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ክዳኑ ጌጥ ነው ተብሏል። እኔ ደግሞ የስልኩ ዋና ሐሳብ ያለው ክዳኑ ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው።

በ2000 ሰው ስልክ እንዴት ይነካ እንደነበር እናስታውስ። ቁጥር የሚመታው በአውራ ጣት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳያይ። አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት ይዳስሳል። እሷን ካገኘ የቀሩትን ቁጥሮች ጣቱ ራሱ ያውቃቸዋል። ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። ለዓመታት በቁልፍ የለመደን ደንበኛ በአንድ ቀን ቁልፉን ቀምቶ "ስክሪኑን ንካ" ማለት አይቻልም ነበር። ክዳኑ ቁልፉን አልቀማውም። ስልክ መደወል ሲፈልግ እንደለመደው ይደውላል። ሌላ ሥራ ሲኖረው ይከፍታል።

ሁለተኛው ምክንያት ስክሪኑ የሚሠራበት መንገድ ነው። የያኔው ተች ስክሪን የሚሠራው በግፊት ነው። ሁለት ስስ ንጣፎች በመሀላቸው ጠባብ ክፍተት ይዘው ይቀመጣሉ። የላይኛውን ስትጫኑት የታችኛውን ይነካል፤ የት እንደተነካ ስልኩ ያውቃል። ጥፍርም ሆነ እስክሪብቶ ልዩነት የለውም። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ወይም የቤት ቁልፍም ሊጫነው ይችላል። የላይኛው ንጣፍ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ይጫጫራል። ዛሬ የምንጠቀምበት መስታወት የጣታችንን ኤሌክትሪክ ነው የሚለየው። ስለዚህ ሳንቲም አያታልለውም፤ ለጭረትም ጠንካራ ነው። ይሄ ባልነበረበት ዘመን ስክሪኑ መሸፈን ነበረበት። ኤሪክሰኖች ሽፋን ካስፈለገ ሽፋኑ ላይ ቁልፍ እናድርግበት አሉ። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሠራ።

ሦስተኛው ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ስልኩ አንድ መልክ አለው፤ ሲከፈት ሌላ። ተዘግቶ መስኮቷ ውስጥ የምታዩት ለመደወል የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ነው። ሲከፈት ገጹ ተጋድሞ ይዘረጋል። ዛሬ ሳምሰንግ ዚ ፍሊፕን የያዘ ሰው የሚያደርገውን አስቡት። ሲዘጋ በውጭኛዋ ስክሪን ማን እንደደወለ ያያል፣ ሰዓት ያያል። ሲከፍተው ሙሉው ይመጣል። ሳምሰንግ ከኤሪክሰን ቀዳ እያልኩ አይደለም። ግን በ2020 እንደ አዲስ የተጨበጨበለት አጠቃቀም ከ20 ዓመት በፊት ታስቦበት፣ ተሠርቶ፣ ሱቅ ውስጥ ተሸጧል።

ክዳኑ የአንድ ኩባንያ ቅብጠት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ አናገኘውም ነበር። እናገኘዋለን ግን። አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ያለው ኳልኮም በ1999 ፒዲኪው የሚባል ስልክ አወጣ። ፓልም የሚባለውን ሲስተም የያዘ ነው። እሱም ስክሪኑ ላይ የሚዘጋ ባለ ቁልፍ ክዳን ነበረው። ኳልኮም የስልክ ሥራውን ለጃፓኑ ኪዮሴራ ሸጠ፤ ኪዮሴራም በ2001 ያንኑ ሐሳብ አሳንሶና አሳምሮ 6035ን አወጣ። በ2002 ደግሞ የሲሊከን ቫሊው ኩባንያ ሃንድስፕሪንግ ትሪዮ 180ን አመጣ። የዚህኛው ክዳን በውስጡ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ የጆሮ ማዳመጫውም ያለው ክዳኑ ላይ ነው፤ ከሥሩ ትንንሽ ኪቦርድ አለ። ስዊድን፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሲሊከን ቫሊ። የተለያየ ሲስተም፣ የተለያየ ኔትወርክ። ሁሉም ወደ ክዳን መጡ። መሐንዲሶች በተለያየ ቦታ ሆነው አንድ መልስ ላይ ከደረሱ፣ ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበረ ማለት ነው። ጌጥ እንዲህ አይደጋገምም።

አራተኛው ክስ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ስክሪን እየነኩ ስልክ መጠቀም ከአይፎን ጋር አልመጣም። ሲሞን በ1994 ተች ነበር። ፒዲኪው ተች ነበር። አር380 ተች ነበር። አይፎን ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ በእስክሪብቶ ፈንታ ጣት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ጣት፣ ለጣት ተብሎ ከሥር የተሠራ ሶፍትዌር። ይሄንን ማንም አይወስድበትም። በጣት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ስክሪን ያለው ስልክ ግን ኤልጂ ፕራዳም ነበር፤ ይፋ የሆነው በዲሴምበር 2006 ነው። አይፎን የራሱ የሆነ በቂ ክብር አለው። የሌሎቹን መጨመር አያስፈልገውም።

አምስተኛው ክስ፣ "ወድቆ ያለ ዘር ቀረ።" እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ሽያጩ ነው፣ ሌላው ዘሩ።

ሽያጩን በተመለከተ፣ አር380 የሕዝብ ስልክ አልሆነም። ትክክል ነው። ግን ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ትንሽ ቢቆሙ ጥሩ ነበር። አንዱ ምክንያት ኢንተርኔቱ ነው። ስልኩ ጂፒአርኤስ፣ ማለትም ሳይደወል ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መስመር፣ የለውም። መስመሩ እንደ ስልክ ጥሪ ይደወላል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ቢት ነው። ይሄ 1,200 ባይት ማለት ነው። ዛሬ በቴሌግራም የምንልከውን የአንድ ሜጋባይት ፎቶ በዚህ መስመር ለማውረድ ወደ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ደቂቃው ደግሞ እንደ ጥሪ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋፕ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን እየተንፏቀቀ። ሰው በኪሱ ኢንተርኔት ለመያዝ ኔትወርኩ ገና አልደረሰም። ይሄ የክዳኑ ጥፋት አይደለም። የሲስተሙም ጥፋት አይደለም።

ሌላው ኩባንያው ራሱ የነበረበት ሁኔታ ነው። ማርች 17 ቀን 2000 ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ያለው የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ምክንያት እሳት ተነሳበት። እሳቱ በደቂቃዎች ነው የጠፋው። ግን ቺፕ የሚሠራበት ክፍል ከአቧራ የጸዳ መሆን አለበት፤ ጭስና ውኃው አበላሸው። ከዚያ ፋብሪካ ቺፕ ይወስዱ ከነበሩት መካከል ኖኪያና ኤሪክሰን ይገኙበታል። ኖኪያ ነገሩን እንደሰማ ተሯሩጦ ሌላ ምንጭ አገኘ። ኤሪክሰን ሌላ ምንጭ አልነበረውም። ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሽያጭ አጣ። በኦክቶበር 2001 የሞባይል ሥራውን ከሶኒ ጋር አዋሕዶ ሶኒ ኤሪክሰን ሆነ። አር380 የወጣው ልክ በዚህ መሀል ነው። እናት ኩባንያው ለመቆም በሚንገዳገድበት ዓመት የተወለደን ስልክ ሽያጩን ብቻ አይቶ መፍረድ ልክ አይደለም።

ዘሩን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ጨርሰው ተሳስተዋል። ዘሩ አለ። በ2002 የወጣው ሶኒ ኤሪክሰን ፒ800 የአር380 ቀጥተኛ ተከታይ ነው። ሲምቢያን ነው፣ ተች ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሚዘጋ ባለ ቁልፍ ክዳን አለው። አሁን ግን ቀለም አለው፣ ካሜራ አለው፣ የውጭ ፕሮግራምም ይጫንበታል። ያ የመጀመሪያው ክስ እዚህ ላይ መልስ አገኘ ማለት ነው።

የፒ800 ክዳን ራሱ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ቁልፎቹ ሽቦ የላቸውም። አንዱን ስትጫኑት ከጀርባው ያለ ትንሽ የፕላስቲክ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገፋና ስክሪኑን ይነካል። ስልኩ የትኛው ቦታ እንደተነካ ያውቃል፤ "ሰባት ተመታ" ይላል። ቁልፉን የሚያነበው ስክሪኑ ነው ማለት ነው። ቁልፍ የለመደውን ሰው እጅ ወደ ተች ስክሪን ያሸጋገረ ሥራ ይሄ ነው። የፈለገ ሰው ክዳኑን ፈትቶ ማውጣትም ይችል ነበር። ያኔ ስልኩ እንዳለ ስክሪን ብቻ ይሆናል፤ ቁጥሮቹንም ስክሪኑ ላይ ያወጣቸዋል። በ2002! ፊት ለፊቱ በአብዛኛው ስክሪን የሆነ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ነበረ። ቀጥሎ በ2003 ፒ900፣ በ2004 ፒ910 መጡ። በፒ910 ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ ሙሉ የፊደል ኪቦርድ ተቀመጠ። ይሄ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አያቱም አር380 ነው።

የሲምቢያንን ጉዳይ ስንጨምርበት ደግሞ "ያለ ዘር" የሚለው ጭራሽ አይቆምም። አይፎን በወጣበት በ2007 በዓለም ላይ ከሚሸጡት ስማርት ስልኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሲምቢያን የሚሠሩ ነበሩ። ያ ሲስተም በስልክ መልክ መጀመሪያ እጃችን ላይ የደረሰው በዚህ ባለ ክዳን ስልክ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ክስ፣ "ለእኛ ምንም ማለት አይደለም" የሚለው ነው። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

እርግጥ ነው፣ አር380 አዲስ አበባ ላይ የታወቀ ስልክ አልነበረም። የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው በ1999 ነው። ስልኩ ሲወጣ ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ከባድ ነበር። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን ይዘን ነበር? ከዱባይና ከቤሩት ዘመድ የላከልን፣ መርካቶ ገብተን ተከራክረን የገዛነው ኖኪያ ኤን70 ምን ነበር? ኤን73ስ? በብሉቱዝ ዘፈንና መዝሙር የተላላክንባቸው፣ ኦፔራ ሚኒ ጭነን ኢንተርኔት ያየንባቸው ስልኮች በሲምቢያን የሚሠሩ ናቸው። ገጽታቸውን ኖኪያ ነው የሠራው። ሥራቸው ግን ያው ከሳይዮን የመጣው ነው። ለብዙ ሰው በእጁ የገባ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ያ ስልክ ነው። ላፕቶፕ ሳይነካ፣ ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ሳይጠብቅ። ያንን ስልክ ያስገኘውን መንገድ የከፈተው ዕቃ እንዴት ነው ለእኛ ምንም ያልሆነው?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ደግሞ የፊደላችን ጉዳይ ነው። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በሴፕቴምበር 1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። አር380 ላይ የተጫነው ኢፖክ ደግሞ ለዩኒኮድ ተብሎ የተዘጋጀው እትም ነው። ሌሎች ስልኮች ለአንድ ፊደል ጠባብ ቦታ ብቻ በሚሰጡበት ጊዜ፣ ይሄኛው ከሥሩ ሰፋ ያለ ቦታ የያዘ ሲስተም ነበር። ስልኩ አማርኛ ያሳይ ነበር አላልኩም፤ አያሳይም ነበር። ፎንቱን ማንም አልሠራለትም። በኋላ በመጡት ኖኪያዎችም አማርኛ ስንከፍት ካሬ ካሬ ብቻ እናይ ነበር። ግን ያ ካሬ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። ስልኩ "እዚህ ፊደል አለ፣ መልኩን የሚያሳየኝ ግን የለኝም" እያለ ነው። የጎደለው ፎንት ነበር። ፎንት ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ ኖኪያ መነሳትና መውደቅ እንደሚመጡ ነግረውናል። በጉጉት ነው የምጠብቀው። ስለ ኖኪያ ሲጽፉ ሲምቢያን ላይ መድረሳቸው አይቀርም። እዚያ ሲደርሱ ወደ 2000 መለስ ብለው ያንን 164 ግራም ስልክ በስሙ ይጥሩት፤ ክዳኑ ለምን እንደተሠራም አንድ አንቀጽ ይስጡት።